ዕርቁ ከክሱ ይቅደም፦ ስለ ውርስ ጠብ ለፍርድ ቤቶቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወራሾች ወደ ክስ ከመሄዳቸው በፊት በአስማሚ ፊት የሚነጋገሩበት ዕድል እንዲመቻችላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ዳኞችና የፍርድ ቤት ኃላፊዎች፣

የውርስ ክርክር ችሎት ሲደርስ የሕግ ክርክር መልክ ይይዛል። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል? መነበቡስ በኑዛዜው ላይ ሰፍሯል? ክሱ በይርጋ ታግዷል? ጠበቃ ይቆማል፣ መልስ ይሰጣል፣ ይግባኝ ይባላል፣ ነገሩ ሰበር ድረስ ይዘልቃል። ቤተሰቡ ውስጥ ገብቶ ለሚያዳምጥ ሰው ግን የሚሰማው ሌላ ነው። እናታችንን አልጋ ላይ ያስታመመ ማን ነበር? ሰርቪሱ በማን ገንዘብ ተሠራ? አባታችን ሲቀበር ያልታየው ሰው ዛሬ ድርሻ ሲባል ከየት መጣ? አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። ችሎት በተከራካሪዎች አቤቱታ ላይ የተጻፈውን እንጂ ሥሩን መርምሮ የመፍረድ ሥልጣን የለውም፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜም የለውም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ለፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የተዘረጋው ክስ ቀርቦ መዝገብ ለተከፈተበት ጉዳይ ነው። በውርስ ነገር ክስ ሲቀርብ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ተሰዳድቧል፣ ቁልፍ ተቀያይሯል፣ በዓል ተለያይቶ መዋል ጀምሯል። አስማሚው ቀደም ብሎ፣ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ሊያወጡ በመጡ ዕለት ይገኝላቸው።

ለምን እዚያ እንደሆነ ላስረዳ። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፣ አርባው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከልጆቹ አንዱ የሞት ማስረጃውን ይዞ፣ ምስክሮቹን አሰልፎ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያየው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው ላይ ከሳሽም ተከሳሽም የለም፤ ጠያቂና ምስክሮቹ ብቻ ናቸው። በዚያች ቀን ብዙው ነገር ገና አልተበላሸም። ማስረጃው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል፤ ምን እንደሚካፈሉና እንዴት እንደሚካፈሉ ግን አይናገርም። ቤተሰቡ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚነግረው የለም። አንዱ ወንድም "እኔ ብቻ ነኝ ወራሽ" ብሎ አውጥቶ ከሆነ ደግሞ የተቀሩት መቃወሚያ ይዘው ሲመጡ ነው ፍርድ ቤቱ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያየው፤ ያኔም ጎራ ለይተው ነው። በማስረጃውና በመጀመሪያው ክስ መካከል ያለውን ክፍተት ማንም አልያዘውም። አስማሚነት መግባት ያለበት እዚያ ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ ቤት በምሳሌ እናስብ። ጉለሌ ውስጥ 200 ካሬ ላይ የቆመ ነው። ካርታው በአባት ስም ቢሆንም ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ የጋራ ሀብት ነው። አባት ሳይናዘዙ ዐረፉ፤ እናት አሉ። ከእናት የተወለዱት ሦስት ናቸው። የበኩሩ ልጅ እዚያው ግቢ እየኖረ የሰርቪሶቹን ኪራይ ይሰበስባል። ሁለተኛዋ ጅዳ ሠርታ በላከችው ገንዘብ ነው ሰርቪሶቹ የተሠሩት፤ ደረሰኝ ግን የላትም፣ ለአባቷ ስትልክ ደረሰኝ አልጠየቀችም። ሦስተኛው ዋሽንግተን ይኖራል። አራተኛዋን ልጅ አባት ከትዳር ውጭ ነው የወለዷት፤ ቤተሰቡ ያወቃት ለቅሶው ላይ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ አያወላውልም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የጋራ ሀብቱ ግማሽ ግን ቀድሞም የራሷ ነው። የቀረው ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። ከትዳር ውጭ መወለድ ድርሻ አይቀንስም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ እናት ግማሽ፣ አራቱ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ ይደርሳቸዋል። ሒሳቡ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ወደ ክስ ቢሄድ መጨረሻው ምን እንደሚሆን በውርስ ችሎት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ንብረቱን በዓይነት ይካፈሉ፤ ካልተቻለ ተስማምተው አንዱ ለሌላው ግምቱን ይክፈል፤ ይህም ካልሆነ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈሉ ይባላል። በሕግ ዓይን ትክክለኛ ፍርድ ነው። ነገር ግን 200 ካሬ ለስምንት አይሸነሸንም፤ ዓመታት ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች ደግሞ በግምት ዋጋ አይስማሙም። የሚቀረው ሐራጁ ነው። እናት ግማሽ ገንዘባቸውን ይዘው በእርጅናቸው የኪራይ ቤት ይፈልጋሉ። ጅዳ የደከመችው ልጅ ሰርቪሱን እሷ እንዳሠራችው ማስረዳት ስላልቻለች ልክ እንደሌሎቹ አንድ ስምንተኛ ይዛ ትወጣለች። ታናሺቱ ድርሻዋን ታገኛለች፤ ወንድምና እህት ግን አታገኝም።

እነዚሁ ሰዎች ከክሱ በፊት በሠለጠነ አስማሚ ፊት ቢቀመጡ ደግሞ በእጃቸው ያለው መንገድ ይበዛል። እናት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከቤታቸው እንዳይነቀሉ ይስማማሉ። ሰርቪሶቹን ጅዳ ያለችው እህት እንዳሠራቻቸው ሁሉም በልባቸው ያውቃሉና፣ የድካሟ ዋጋ ከሁሉ በፊት ተሰልቶ ይታሰብላታል። የበኩሩ ልጅ ኪራዩን መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ ሒሳቡን ግን በየወሩ ለሁሉም ያሳያል፣ የታናሺቱም ድርሻ ከኪራዩ እየተቀነሰ በተወሰነ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። አባቱን ያስታመመበት ጊዜም በፊታቸው ይነገራል፤ አንዳንዴ ሰው የሚፈልገው ብር ሳይሆን ይህንኑ መስማት ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ድርሻውን ሊያቆየው፣ ለእናቱ ሊለቀው ወይም ሊወስደው ይችላል። ይህ ሁሉ በሕጉ ውስጥ ያለ ነው፤ ወራሾች ክፍፍሉን በፈለጉት መንገድ በስምምነት ማድረግ ይችላሉና። ዳኛ በፍርድ ሊያዘው የማይችለውን ወራሾች በፈቃዳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

"የግልግል ሕጉ ውርስን አግዷል" የሚል መከራከሪያ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 በአንቀጽ 7 በግልግል ዳኝነት ሊታዩ የማይችሉ ጉዳዮችን ሲዘረዝር ከፍቺ፣ ከጉዲፈቻና ከሞግዚትነት ጋር ውርስንም አስገብቷል። ዝርዝሩ የሚናገረው ግን ስለ ግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ሦስተኛ ሰው መርምሮ አስገዳጅ ውሳኔ ስለሚሰጥበት መንገድ ነው። አስማሚ አይፈርድም፤ የሚወስኑት ወራሾቹ ራሳቸው ናቸው። ለስምምነት የሚሆነው መንገድ ደግሞ ቀድሞም ተጠርጓል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች ነገራቸውን በስምምነት እንዲጨርሱ፣ ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ ሕግና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ እንዲመዘግበው ይፈቅዳል።

ሕግ አውጪው በቤተሰብ ጉዳይ የግል ዳኝነትን የፈራበት ምክንያትም ከታሪካችን የመጣ ይመስለኛል። በ1952ቱ ሕግ መሠረት የፍቺ ጥያቄ ይቀርብ የነበረው ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይወስኑ ነበር። መዘግየቱና አድልዎው አስመርሮ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሲመልስ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው። ለውርስም የሚበጀው ይኸው ነው። ሽማግሌ ያስማማ፣ ዳኛ ይቆጣጠር፣ ባለጉዳይ ይወስን።

የሽምግልናችንን ድክመትም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ የተነሳ ነውና። ሽማግሌዎቻችን ቤተሰቡን ያውቃሉ፣ ይከበራሉ፣ ቃላቸው ይሰማል። የተቆረጠ ዘመድ ያገናኙ፣ ደም ያደረቁ ናቸው። በውርስ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸውም የአንዱ ወገን አጎት ወይም የክርስትና አባት አይጠፋም። "አንቺ ባል አለሽ፣ ለወንድምሽ ተዪለት" የሚለው ምክር እንደ ዕርቅ ይቆጠራል። እህት ጉልበት ተይዞ ስትለመን እንቢ ካለች ጨካኝ ትባላለች፤ እሺ ካለች ድርሻዋ ይቀራል። በቃል ብቻ የተፈጸመውን ዕርቅ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሁሉም በየፊናው ይተረጉመዋል። ፍርድ ቤቱ በሩን ለአስማሚነት ሲከፍት ይህን ሁሉ አብሮ ማስገባት የለበትም። ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1. የወራሽነት ማስረጃ ለሚጠይቅ ሁሉ በግልጽ አማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጀ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው። የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በሕግ እንዴት እንደሚሰላ፣ የትዳር ጓደኛ መብት ምን እንደሆነና አስማሚ የት እንደሚገኝ ይንገረው። ድርሻውን የማያውቅ ሰው ተስማማ ሊባል አይችልም።

2. የመጀመሪያው የአስማሚ ስብሰባ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይሁን፤ መግባትም መውጣትም በፈቃድ ይሁን። ማስረጃው ግን አስማሚነቱን እየጠበቀ አይዘግይ። የባንክ ሒሳብና የጡረታ ጉዳይ ያለባት እናት ወረቀቱን ዛሬ ትፈልገዋለች።

3. አስማሚዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ከወራሾቹ ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው አይመደብ። በየሰፈሩ የሚከበሩ ሽማግሌዎች ሥልጠና ወስደው ቢገቡበት መልካም ነው፤ ሥልጠና ሳይወስዱ ግን በሽበታቸው ብቻ አይመደቡ።

4. እያንዳንዱ ወራሽ መጀመሪያ ለብቻው ይደመጥ። ታላቅ ወንድሟ ፊት አንገቷን የምትደፋ እህት የልቧን የምትናገረው ያኔ ነው። እዚያ የተነገረውም ነገር ስምምነት ባይገኝ በችሎት ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ።

5. ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቤቱን፣ ኪራዩን፣ ዕዳውን፣ የክፍያውን ቀን አንድ በአንድ ይዘርዝር። በተዘጋጀበት ዕለት አይፈረም፤ ሰው ሊያማክርበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሰጠው። ከዚያ ፍርድ ቤቱ መርምሮ ያጽድቀው፣ እንደ ፍርድም ይፈጸም። ድርሻውን በሙሉ የለቀቀ ወራሽ ካለ ዳኛው በፈቃዱ መሆኑን ራሱን ይጠይቀው።

6. ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ ሕሙማንና በዕድሜ የገፉ የትዳር ጓደኞች ያሉበት ስምምነት በጥብቅ ይታይ። ሞግዚቱ ራሱ ከልጁ ጋር የሚወርስ ከሆነ ለልጁ ሌላ ወኪል ይቁምለት።

7. ውጭ አገር ያሉ ወራሾች በቪዲዮ ይሳተፉ። ውክልና በኤምባሲ በኩል ልከው ከሆነም ውክልናው ለመታረቅና ለመስማማት በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ ይህ ስለጎደለ ብቻ ያለቀ ስምምነት ሊፈርስ ይችላልና።

8. ክስ ለተጀመረባቸውም ጉዳዮች የሐራጅ ቀን ከመቆረጡ በፊት አንድ የመጨረሻ የመነጋገሪያ ዕድል ይሰጥ። መሐንዲሱ ያወጣው ግምት በእጃቸው ሲገባ ልባቸው የሚመለስ ብዙ ናቸው፤ ምን ሊያጡ እንደሆነ በብር ያዩታልና።

ሁሉም ነገር ለአስማሚ ይሁን እያልኩ አይደለም። ኑዛዜው ሐሰተኛ ነው ከተባለ፣ ልጅነት ከተካደ፣ ንብረት ከተሸሸገ፣ አንዱ ሌላውን እየደበደበ ወይም እያስፈራራ ከሆነ ቦታው ችሎት ነው። በፈቃዳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤትን የመረጡ ቤተሰቦችም ምርጫቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተጠበቀ ነው፤ አስማሚው አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ። የገጠር መሬትም የራሱ ሕግ አለው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ነው፤ አነስተኛው የይዞታ መጠንም መከፋፈሉን ይገድበዋል። አንዱ ልጅ እያረሰ ሌሎቹን የሚክስበት ስምምነት ግን እዚያ ይብስ ያስፈልጋል። የክልል ፍርድ ቤቶች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ሥራችሁን ለማቅለል ብቻም አይደለም ይህን የምለው። በክስ የተገኘ ክፍፍል ሲያልቅ ሌላ ክስ ይወልዳል። በቤቱ ምሳሌያችን እናት ሲያርፉ የእሳቸው ግማሽ ደግሞ በተራው ይወረሳል። የመጀመሪያውን ውርስ ተካሰው የጨረሱ ልጆች ሁለተኛውንም ይካሰሱበታል፤ የመጀመሪያውን ተነጋግረው የጨረሱ ግን መንገዱን ያውቁታል።

ሽማግሌዎቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። የለቅሶ ድንኳን ሳይነሳ ስለ ቤት አታንሱ፤ ከአርባ በኋላ ግን አትዘግዩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1000 የወራሽነት ጥያቄ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደሚታገድ ይናገራል። ሽምግልና ላይ ነን በሚል ብቻ ይርጋው ይቆማል ብሎ መተማመን አይቻልም። "ቆይ፣ እናስታርቃችኋለን" እያላችሁ ጊዜ የምታስገፉ ከሆነ የምትጎዱት ቤቱን ያልያዘውን ወገን ነው።

ለወላጆችም ቃል አለኝ። ቤቱ የእናንተ ነው፣ ልጆቹም የእናንተ ናቸው። በሕይወት ሳላችሁ ሰብስባችሁ ንገሯቸው። ማን ምን እንዳዋጣ ጻፉ፤ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ ከሌሎቹ ጋር አስተዋውቁት። ኑዛዜ ስትጽፉ በአራት ምስክሮች ፊት አስነብቡት፣ መነበቡንም አስጽፉበት።

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ይህ ጥያቄ አዲስ ሕግ አይሻም። ስምምነትን የሚያጸድቅ ሥነ ሥርዓት አለ፤ የአስማሚነት አዋጅ አለ፤ ሽምግልናን የሚያከብር ሕዝብ አለ። የጎደለው እነዚህን በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው መስኮት ላይ ማገናኘት ነው። ሁለታችሁ መሥሪያ ቤቶች ተቀምጣችሁ አንድ የጋራ የአሠራር መመሪያ አውጡ፤ በአንድ ምድብ ችሎት ጀምሩት፤ ውጤቱን በዓመቱ ለሕዝብ አሳውቁ። ጥሩ ከሆነ ይስፋ፤ ካልሆነ ይታረም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች
ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት